ተጨማሪ መረጃ፦ በሬው ሲያመው በምን ይታወቃል?

በወላይታ ለዘመን መለወጫው በዓል ለጊፋታና ለመስቀል የሚታረደው በሬ ወራት ሙሉ ቤት ታስሮ፣ የስኳር ድንች ሐረግና እንሰት እየቀረበለት ይደልባል። ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድርም ባለቤቱ ጠባዩን አሳምሮ ያውቃል፤ መኖ ሲተው፣ ማመንዠክ ሲያቆም ወይም ጥርሱን ሲያፋጭ «አሞታል» ይላል።

ሳይንሱ ግን እንስሳት እንደሚሰማቸው ለመቀበል ዘግይቷል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እንስሳትን እንደ ማሽን ይቆጥር ነበር። የዛሬ አያቶች ተማሪ በነበሩበት ዘመን እንኳ ስለ እንስሳት ስሜት ማውራት ብዙ ተመራማሪዎችን ያሳፍር ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን በካምብሪጅ የተሰበሰቡ የነርቭ ሳይንስ ምሁራን፣ አጥቢዎችና አእዋፍ ለንቃተ ህሊና የሚያስፈልገው የአንጎል መሠረት እንዳላቸው በይፋ አስታወቁ።

ችግሩ ከብት ሕመሙን መደበቁ ነው፤ በዱር አዳኝ አውሬ የደከመውን ለይቶ ያጠቃዋልና። ስለዚህ ድምፅ አይጠበቅም። ወደ ኋላ የተጣለ ጆሮ፣ የተጨማደደ የዓይን ዙሪያ፣ የጎበጠ ጀርባ ይፈለጋል። አህያም ሕመሙን በመቻል ይታወቃል። በወላይታ ሶዶ ከተማ ጎዳና ጋሪ እየጎተተ ድንገት ሲቆም «እልኸኛ» ይባላል፤ አለንጋ ከማንሳት በፊት ግን ማሰሪያውን ገልጦ ያረፈበትን ቆዳ ማየት ይገባል።