«ነጥብ ቀንሰን አስገብተናታል»

በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት የሚሠራ ሰው ከዓመት ዓመት የሚሰማት አንዲት ንግግር አለች፦ «ነጥብ ቀንሰን አስገብተናታል፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» የሚናገሯት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱት በደል ማካካሻ እንደሚገባው መደንገጉን ያውቃሉ፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከአርብቶ አደር አካባቢ ለሚመጡ ልጆች የመቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲል እንደኖረም ያውቃሉ። ድጋፉ እዚያው በሩ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። እንዲህ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስትባረር ጥፋተኛዋ ራሷ ትሆናለች፤ እሷ ካልሆነች ደግሞ ያስገባት ነጥብ።

የ2014ቱ የወሎ ተማሪዎች ጉዳይ እስካሁን አልለቀቀኝም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የአምባሰልና የተሁለደሬ ወረዳ ልጆች የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከሌላው አገር ጋር መቀመጥ አልቻሉም፤ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሁሉ ስለ ውጤትና ስለ መቁረጫ ነጥብ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ግን የተኩስ ድምፅ ሰምታ፣ ቤቷ ተዘርፎ፣ መጽሐፍ ሳትገልጥ ወራት ያሳለፈች ልጅ ዶርም ስትገባ ማን እንደሚቀበላት የጠየቀ ጥቂት ነው። ነጥብ በቁጥር ይነገራል፤ ለጋዜጣም ለስብሰባም ይመቻል። ከገቡ በኋላ ያለው ኑሮ እንዲህ አይመችም።

«ነጥብ ሲቀነስ ጥራት ይወድቃል» የሚለውን ተቃውሞ በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረባቸው ሦስት ዓመታት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያላመጡት የማካካሻ ትምህርት ወደሚወስዱበት ሪሚዲያል ለመግባት የነጥብ ልዩነት ይኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከ2015 ጀምሮ በመውጫ ፈተናው 50 ያላመጣ ዲግሪ አይወስድም፤ የፈተናው ኮምፒውተር ደግሞ ጾታም ቀበሌም ጠይቆ ነጥብ አይጨምርም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ በመግቢያው ላይ የተቀነሰው ነጥብ የሚሰጣት አልጋና ወንበር ነው፤ ዲግሪውን የሚወስነው በመካከል ያሉት ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ማን አለላት?

መልሱን ተማሪ ግቢውን ሲለቅ በሚያስፈርመው የክሊራንስ ወረቀት ላይ ማንበብ ይቻላል። ከአምባሰል ገጠር የመጣች ተማሪ ትምህርቷን አቋርጣ ዊዝድሮው ለመሙላት ስትወስን ቅጽ ይሰጣትና ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። ቤተ መጻሕፍቱ ያልመለሰችው መጽሐፍ አለመኖሩን አይቶ ይፈርማል። ካፌው የምግብ ካርዷን ተቀብሎ ይፈርማል። ስፖርት ክፍሉ ነክታው ለማታውቀው ኳስ ይፈርማል። የዶርሙ ተቆጣጣሪ የሆነችው ፕሮክተር ፍራሹን ቆጥራ፣ የሎከሩን ቁልፍ ተረክባ ትፈርማለች። ፍራሹ ቢጎድል ወረቀቱ አይፈረምም። «ለምንድን ነው የምትሄጂው?» የሚል መስመር ግን የትም የለበትም።

ያቺ ፕሮክተር እኮ ማን እራት እንዳልበላች፣ ማን ሦስት ቀን ክፍል እንዳልሄደች፣ ከቤት ስልክ ሲደወል ማን እንደምታለቅስ ከመምህሩም ከሥርዓተ ጾታ ቢሮውም ቀድማ የምታውቅ ሰው ናት። የሥራ መዘርዝሯ ግን ቁልፍና ንብረት ነው። ሥራው ሌላ እስኪገኝ የሚጠጉበት ማረፊያ ተደርጎ ይታያል። የተማሪዎች ዲንነት ደግሞ በአብዛኛው ለመምህር የሚደረብ ሹመት ነው፤ ከመምህራኑ ሴቶቹ ከአምስት አንድ ስለማይሞሉ ሹመቱ ወደየት እንደሚያመራ መገመት አያስቸግርም። በዚህ አካሄድ ዶርሙን የምታውቀው ሴት ስለ ዶርሙ የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ሳትደርስ ጡረታ ትወጣለች። ልዩ ድጋፍ ስንል የተማሪን መግቢያ ብቻ እናስባለን፤ ተማሪዋን የሚቀበለው ሠራተኛ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚያድግ አናስብም።

ተማሪን ከገባ በኋላ ተቀብሎ መደገፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ የራሳችን ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎች የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት ዛሬም ስለማትገባበት በዚህ ረገድ ምሳሌ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን የቤተ ክህነት ትምህርት የሚማረው የቆሎ ተማሪም ሆነ የእስልምና ትምህርት የሚማረው የወሎ ደረሳ እንግዳ ሆኖ ሲደርስ ቀድሞት የገባ ተማሪ ይቀበለው፣ ማደሪያ ያሳየው፣ ቀለሙን ያስቀጽለው ነበር፤ የመንደሩም ሰው ቁራሽ አይነፍገውም ነበር። ረኃቡና ቁንጫው እንዳለ ሆኖ፣ መማርና መኖር አንድ ጉዳይ መሆኑን ያ ሥርዓት ያውቅ ነበር።

«በጀት የለም» ለሚለው፦ ፕሮክተሮቹ አሁንም ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ የጎደለው ሥልጠናና የዕድገት መሰላል ነው። የሚከብደኝ ሌላኛው ተቃውሞ ነው፤ ለብቻ የሚሰጥ ድጋፍ ልጆቹን ያሸማቅቃል ይባላል። እውነት ነው። ሳሙናና ሞዴስ ለመቀበል ተሰልፋ በጓደኞቿ የታየች ልጅ ወደ ሥርዓተ ጾታ ቢሮው አትመለስም። ስለዚህም ነው ድጋፉ ሁሉም ተማሪ በየቀኑ በሚያልፍበት በዶርሙ፣ በካፌውና በሬጅስትራሩ መስኮት ውስጥ ይሁን የምለው።

የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ ለሚመጣው መስከረም ክሊራንሱን ስታሳትሙ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ፕሮክተሯ ተማሪዋን አነጋግራ፣ ምክንያቱን በእጇ ጽፋ፣ ከሁሉም ቀድማ ትፈርምበት።