የፔዳሉ አጋፋሪ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሚገኘው፣ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም የእጅ ሥራ ማለት ነው። በዚህ ስም ጥላ ሥር ያደግን የሰፈሩ ልጆች፣ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ መግጠም፣ ሽቦ ልጦ ከሽቦ ማጣመር ከመጽሐፍ ንባብ ያነሰ ጥበብ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ልባችን አይቀበለውም ነበር። ዛሬ የምጽፈውም ከዚሁ ከእጅ ሥራ ወገን ስለሆነች፣ በዋጋ ከሁሉ ረክሳ ስለምትገኝ፣ ነገር ግን የቀረውን ሥራ ሁሉ ልታድነው ወይም ልታጠፋው ስለምትችል አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ይኸውም ኮረንቲ ወደ ጊታር ፔዳል ስለሚገባባት ጃክ ነው።

ፔዳል ማለት በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል፣ ከተጫዋቹ እግር ሥር ተቀምጦ፣ በተረገጠ ጊዜ ድምፁን የሚያሻክር፣ የሚያስተጋባ ወይም የሚያስለቅስ ሣጥን ነው። ዋዋ የምንለው ዓይነት በ1967 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ወደ እኛም ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ያስቀረጸውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም የሰማ ሰው፣ የዋዋ ለቅሶ ከቅኝታችን ጋር ምን ያህል እንደተስማማ ያውቃል። ከውጭ የሚመጣው ፔዳል ለብዙ ወጣት ኪስ ከባድ ሲሆን፣ ድምፅ የሚያሻክረው ፈዝ የተባለው ዓይነት ግን ሁለት ትራንዚስተርና ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊሠራው ይችላል።

አንድ የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ አድርጎ ሠራው። ንድፉን አጥንቶ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ብየዳውን ሲጨርስ የሚያበራው ኮረንቲ ብቻ ቀረውና፣ እኔ ከቤቴ የኢንተርኔት ራውተር ነቅዬ አዳፕተሩን አበደርሁት። ቮልቱ 9 ነው፣ ፔዳሉም 9 ይፈልጋል፣ ጫፉም ልክ ገባ፤ እኛም ይህን ብቻ አይተን ሰካነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ካፓሲተር አብጦ ፈነዳ፣ ክፍሉንም የተቃጠለ ሽታ ሞላው። የልጁን ፊት ባየሁ ጊዜ ያደረብኝ ኀዘን ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፤ ጥፋቱ የድሀ ጥፋት አልነበረም፣ የንባብ ጥፋት ነበርና።

በአዳፕተሩ ጀርባ፣ ከደቃቁ ጽሕፈት መካከል፣ አንዲት ክብና ነጥብ ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ተሥለው ይገኛሉ። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ከፊደሉ ራስ ላይ ያሉትን ይዘትን፣ ድፋትን፣ ጭረትን ሳይለይ ቃሉን ብቻ ቢያነብ ዜማው እንደሚጠፋበት፣ የአዳፕተርንም ቮልት አንብቦ ይህን ምልክት የተወ ሰው ሥራው ይጠፋበታል። መካከለኛው ነጥብ ከመደመር ጋር የተያያዘ ከሆነ የጫፉ ውስጥ ፖዘቲቭ ነው፤ የራውተርና የካሜራ አዳፕተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የጊታር ፔዳል ልማድ ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውስጡ ነጌቲቭ፣ ውጩ ፖዘቲቭ።

ለምን ተገለበጠ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ምስጢሩን የሚያገኘው ጃኳን በእጁ ይዞ ሲመረምራት ነው። በቀዳዳዋ መካከል አንዲት መርፌ ቆማለች፤ ከጎንዋ የጫፉን ውጫዊ አካል የሚነካ የብረት ምላስ አለ፤ ከኋላዋም ሁለት ሳይሆን ሦስት እግሮች ወጥተዋል። አንዱ እግር ከመርፌዋ፣ ሁለተኛው ከምላሱ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሦስተኛው ምንም ባልተሰካ ጊዜ ከምላሱ ጋር ተደግፎ የሚኖር፣ ጫፉ በገባ ጊዜ ግን ምላሱ ተገፍቶ ስለሚሸሽ ብቻውን የሚቀር ነው። የባትሪው ቀይ ሽቦ የሚታሰረው በዚህ በሦስተኛው እግር ነው። እንግዲህ ጃኳ በጥንቱ ቤተ መንግሥት ደጅ እንደሚቆም አጋፋሪ ናት፤ አዳፕተሩን ስታስገባ ባትሪውን ታሰናብታለች፣ አዳፕተሩ ሲወጣ ባትሪውን መልሳ ትጠራለች። ይህ መለያየት የሚፈጸመው በመርፌዋ በኩል ሳይሆን በውጩ ምላስ በኩል ስለሆነና፣ እንዲለይ የሚፈለገውም የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩ በውጭ፣ ነጌቲቩ በመርፌዋ ሆኖ ቀረ። የባትሪውን ሽቦ በስሕተት ከሁለተኛው እግር ጋር የበየደ ሰው፣ አዳፕተር በሰካ ጊዜ ሁሉ ለመሞላት ባልተሠራ ባትሪ ውስጥ ኮረንቲ እየገፋ ነው፤ እንዲህ ያለውም ባትሪ ይግላል፣ ፈሳሹንም ይተፋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የጃኳ አካል ከምን እንደተሠራ ነው። የፔዳሉ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚንየም ነው፤ ሣጥኑም ጩኸት እንዳይገባ ከግራውንድ፣ ማለትም ከነጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። አካልዋ ብረት የሆነች ጃክ በዚህ ሣጥን ላይ ብትገጠም፣ በውጭ ያለው ፖዘቲቭ ከሣጥኑ ጋር ስለሚገናኝ ወዲያው ሾርት ይሆናል። ስለዚህ አካልዋም ዳዶዋም ፕላስቲክ የሆነችውን መግዛት ግድ ነው፤ ሻጩ ብረቱ ይበረታል ቢል እንኳ አትስሙት።

ሁለተኛው መለኪያ የመርፌዋ ውፍረት ነው። የተለመደው የጫፍ ውጫዊ ስፋት 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ የፔዳሉ መርፌ ግን 2.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በገበያ ላይ ደግሞ 2.5 የሆነችው እኅቷ አብራት ትሸጣለች፤ ሁለቱንም በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጃኳ 2.5 ከሆነች የፔዳል ጫፍ አይገባባትም፤ ጃኳ 2.1 ሆና ጫፉ 2.5 ከሆነ ግን ይገባል፣ ነገር ግን እየላላ ኮረንቲውን አንዴ ይሰጣል አንዴ ይነሣል፤ ይህም በመድረክ ላይ ከሁሉ የከፋው ሕመም ነው።

ሦስተኛው ዳዶው የሚጠብቀው ከሣጥኑ ውጭ ነው ወይስ ከውስጥ የሚለው ነው። ዳዶዋ በውጭ የሚጠብቀው ጃክ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለምትገባ፣ ሥራው ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ተበይዶ ካለቀ በኋላ በአንድነት ወደ ሣጥኑ ይወርዳል፤ ሲበላሽም እንዲሁ ይወጣል። ዳዶዋ በውስጥ የሆነችው ቦታ ትቆጥባለች፣ መልኳም ያምራል፤ ነገር ግን ከውጭ ስለምትገባ ብየዳው ጠባቡ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ።

መግጠሙ ችኮላ አይወድም። ቀዳዳው በሣጥኑ ራስ በኩል ቢሆን ፔዳሎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን ከመብሳት በፊት የጃኳ እግሮች በውስጥ እስከ የት እንደሚደርሱ፣ የጊታሩን ገመድ መግቢያ ወይም የእግሩን ማብሪያ ይነኩ እንደሆነ ባዶውን ሣጥን ይዞ መለካት ይገባል። ስፋቱን ከራስዋ ከጃኳ ለኩ፤ ብዙዎቹ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይፈልጋሉ። በምስማር ጫፍ ነጥብ መትታችሁ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምራችሁ፣ ቀስ በቀስ አስፍታችሁ፣ ጠርዙን በሞረድ አልስልሱት።

በብየዳው ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ በሁለተኛው ሙከራው የተማረውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመበየጃው ሙቀት በእግሯ በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መርፌዋም ትንጋደዳለች፤ ስለዚህ ከምንም ኮረንቲ ጋር ያልተገናኘ አሮጌ የአዳፕተር ጫፍ ሰክቶባት ሲበይድ፣ ጫፉ መርፌዋን በመካከል አጽንቶ ያዘለት። እግሩንም ሽቦውንም አስቀድሞ ለየብቻ ሊድ አልብሷቸው ስለነበር፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነክቶ ለማንሣት በቃው። ከዚያም ቴስተሩን በጩኸቱ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በሣጥኑ፣ ሌላውን በፖዘቲቩ እግር አሳረፈ፤ ዝም አለ፣ እኛም ደስ አለን። ቢጮህ ኖሮ ሾርት አለ ማለት ነበር።

ስሕተት እንዳይደገም ደግሞ አንድ ዳዮድ ጨመረ። ዋን ኤን 5817 የተባለውን በፖዘቲቩ መስመር ላይ፣ ነጩን መስመር ወደ ሥራው አድርጎ ሲያስገባው፣ አዳፕተሩ ተገልብጦ ቢመጣ ኮረንቲው ከደጅ ይመለሳል፤ ዋጋውም ከ9ኙ ቮልት ላይ 0.3 ያህል ማጣት ብቻ ነው። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡ ፔዳሎች ግን እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጥንታዊ የጀርማንየም ትራንዚስተር የሚሠሩ አንዳንድ ፈዞች ግራውንዳቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር ሊመገቡ አይችሉም።

ስለዚህ ፔዳል የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሣጥኑን ቀለም ቀብታችሁ ስም ስታወጡለት፣ ከኮረንቲው ቀዳዳ አጠገብ ቮልቱንና ያቺን ክብ ምልክት በማይጠፋ ቀለም ጻፉባት። ፔዳሉ ነገ በሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ያ ሰውም ከቤቱ ራውተር አዳፕተር ነቅሎ ይመጣል።