ያውቁ ኖሯል? የሮም ቄሣር አባ ሰላማን አስፈልጓቸው ነበር

የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በቀድሞ ስማቸው ፍሬምናጦስ፣ ትውልዳቸው ከጢሮስ ነው። በልጅነታቸው የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቅቶ ተጓዦቹ ሲያልቁ፣ እርሳቸውና ወንድማቸው ኤዴስዮስ ተርፈው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ኋላ እስክንድርያ ወርደው «ጳጳስ ይላክልን» ብለው ቢጠይቁ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ እርሳቸውኑ ሾመው መለሷቸው።

ይህን ብዙዎቻችን ሰምተናል። የቄሣሩን ደብዳቤስ? በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የክርስቶስን አምላክነት የካዱትን አርዮሳውያንን የደገፈው ቄሣር ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልከው፣ አትናቴዎስ ሲሳደዱ በመንበራቸው በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እምነታቸው ይመርመር ሲል። የዚያን ዘመን ኃያል መንግሥት የአንድ የአክሱም ጳጳስ ሃይማኖት እንቅልፍ ነስቶት ነበር ማለት ነው! እጅግ የሚያስደንቀው፣ ደብዳቤውን ለእኛ ያቆዩልን ራሳቸው የተሳደዱት አትናቴዎስ መሆናቸው ነው፤ ለቄሣሩ በጻፉት መከላከያ ውስጥ አስገብተውታል።

ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት መግባቱን ለማየት የኢዛናን ሳንቲሞችም ልብ ይበሉ፦ በቀደሙት ላይ ጨረቃና ክብ አለ፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል።