ከመርፌው በፊት ዓይን ይታይ

በአዲስ አበባ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጅ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን ኢንሱሊን በገዛ ፈቃዳቸው እንዳቋረጡ አጫወቱኝና ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ስኳሬ ሦስት መቶ ሲል በመርፌ ቀዳዳ ክር አሳልፍ ነበር፤ መድኃኒቱ አወረደልኝ፣ ‹እሰይ ተሻለዎ› ባሉኝ በወራቱ ግን የልጄ ፊት ጉም ለበሰብኝ፤ ታዲያ ዓይኔን የወሰደው ማን ነው?» አሉኝ። መጻሕፍተ ሕክምናን ባገላብጥ፣ ይኸው ጥያቄ ሊቃውንቱንም ሲያሳስብ የኖረ ሆኖ አገኘሁት።

የሕያው ሰው ዓይን ውስጡ የሚታይበትን መሣሪያ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን በ1922 በቶሮንቶ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እስኪሰጥ ድረስ፣ ብዙው ወጣት ሕሙም ዓይኑ ሳይደክም ነፍሱ ትቀድመው ነበር። በ1993 ውጤቱ የታወቀው፣ በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 ሕሙማን ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ዓይናቸው ገና ላልተነካ ሰዎች አደጋውን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አስረዳ፤ ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት፣ በልማዱ ከታከሙት 8 በመቶ ያህሉ፣ ስኳራቸው በብርቱ ሕክምና ከወረደላቸው ግን 13 በመቶ ያህሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዓይናቸው ብሶ ተገኘ። ውሎ አድሮ ግን የተጠቀሙት ስኳራቸውን የገቱት ናቸው። ኦዜምፒክ በሚል ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድም በ2016 በ3,297 ሕሙማን ላይ ሲመዘን፣ የዓይን ጉዳት የደረሰው መድኃኒቱን ከወሰዱት በ3 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ በ1.8 በመቶው ላይ ነበር፤ ከተጎዱትም የሚበዙት አስቀድሞ ሕመሙ በዓይናቸው የነበረባቸው ናቸው።

እንግዲህ በደሉ የመድኃኒቱ ሳይሆን፣ ዓይን ሳይታይ ስኳርን በጥድፊያ የማውረዱ ነው። እኒያ እናት፣ «ደሜን ይቀዳሉ፣ ሽንቴን ያያሉ፣ እግሬን ይዳስሳሉ፤ ዓይንሽን እስቲ ልየው ያለኝ ግን አንድም የለም» ያሉት፣ ከማናቸውም የጥናት ወረቀት ይልቅ ነገሩን ይገልጠዋል። እንግሊዝ ከ2003 ጀምሮ የስኳር ሕሙማንን እየጠራች ዓይናቸውን በፎቶግራፍ ስታስመረምር ቆይታ፣ በ2014 በወጣው ጥናት የስኳር ዓይን ሕመም ለሥራ በደረሰው ሕዝብ ዘንድ የዕውርነት ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ መቅረቱ ተነግሯል። በእኛስ መቼ ይጀመራል ብዬ የጠየቅኋቸው አንድ ከፍተኛ ሹም፣ «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ተይዟል» ከማለት በቀር ክፍሉ የትኛው እንደሆነ እንኳ ሊነግሩኝ አልፈቀዱም።

ሕመሙ ሲጀምር አያምም፣ አያደበዝዝምም፤ በጨረር የሚታከመውም ብርሃን ሳይጠፋ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ሐኪሙን ሳያማክር መርፌውን አያቋርጥ፤ ሐኪሙም አዲስ መድኃኒት ሲያዝ፣ በማዘዣው ላይ ከመድኃኒቱ ስም አስቀድሞ የዓይን ምርመራውን ቀን ይጻፍበት።