የውሻው ጥሬ ሥጋና የቤተሰቡ ጤና

ለውሻ የሚቀርብ ጥሬ ሥጋ ከውሻው አልፎ የባለቤቱን ቤተሰብ ጤና ይነካል። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በስዊዘርላንድ ለቤት እንስሳት የሚሸጡ 51 የጥሬ ሥጋ መኖ ናሙናዎችን መርምረው፣ ከ60 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎችን፣ በሁለቱ ደግሞ ሳልሞኔላን አግኝተዋል። ውሻው ራሱ ሳይታመም እነዚህን ተሕዋስያን በምራቁና በዓይነ ምድሩ ለሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የዓለም ጤና ድርጅትም ጀርሞች መድኃኒትን መላመዳቸውን ከዓለም ዐበይት የጤና ሥጋቶች ይመድበዋል።

ማቀዝቀዣ ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ያደነዝዛል እንጂ አይገድልም፤ የሚገድላቸው እሳት ነው። ስለዚህ የውሻውን ምግብ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጅ ሰው ሥጋውን ያብስል። ሥጋ ብቻውን ግን ፎስፈረስ በዝቶበት ካልሲየም ያጥረዋል፤ በእርሱ ብቻ ያደገ ቡችላ አጥንቱ ይሳሳል። ይህ ጉድለት በእንስሳት ሐኪም ምክር መሟላት አለበት።