የኮርዶባ መስጊድና ድርብ ቅስቶቹ

አንድ ግንበኛ አጫጭር ዓምዶች ብቻ ተሰጥተውት እጅግ ሰፊና ከፍ ያለ አዳራሽ እንዲሠራ ቢታዘዝ ምን ሊያደርግ ይችላል? ዓምዶቹን እንዳሉ አቁሞ ጣራውን ቢያሳርፍባቸው አዳራሹ እንደ ዋሻ ዝቅ ይላል፤ አየርና ብርሃንም ያጣል። አንዱን ዓምድ በሌላው ላይ ቢደራርብ ደግሞ ሕንፃው ጸንቶ አይቆምም። የዛሬ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ግድም በእስፓኝ አገር፣ በኮርዶባ ከተማ የነበሩ ግንበኞች ያጋጠማቸው ችግር ይህ ነበር። ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ በኋላ ዘመን “የሙሮች የሕንፃ ስልት” እየተባለ ከሚጠራው ጥበብ ዋና መለያዎች አንዱ ሆኖአል።

“ሙር” የሚለው ቃል ጥንት ሮማውያን ለሰሜን ምዕራብ አፍሪቃ ነዋሪዎች ይሰጡት ከነበረው ስም የመጣ ነው። ሙስሊሞች በ711 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሕሩን ተሻግረው እስፓኝን ከያዙ በኋላ፣ አውሮፓውያን ዐረቡን ከበርበሩ ሳይለዩ ሁሉንም ሙሮች ይሏቸው ጀመር። እንግዲህ ስሙ ሌሎች ያወጡላቸው እንጂ ሰዎቹ ራሳቸውን የጠሩበት አይደለም። እነርሱ አገሩን አልአንዳሉስ ይሉት ነበር።

መስጊዱን ማሠራት የጀመረው ስደተኛ ነበረ። በ750 ዓ.ም. በደማስቆ ይገዛ የነበረው የኡመያድ ሥርወ መንግሥት በአባሲዶች እጅ ሲወድቅ ከንጉሣዊው ቤተሰብ አብዛኞቹ ተገደሉ። ከሞት ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ የሆነው ወጣቱ አብዱረህማን፣ በሰሜን አፍሪቃ በእናቱ ወገኖች በበርበሮች ዘንድ ከተጠለለ በኋላ ወደ እስፓኝ ተሻገረ። በ756 ዓ.ም. ኮርዶባን ይዞ ራሱን የቻለ መንግሥት መሠረተ። የመስጊዱን ሥራ ያስጀመረው ከሠላሳ ዓመት ያህል ቆይታ በኋላ፣ በ785 ዓ.ም. ግድም፣ ዕድሜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በደማስቆ ታላቅ መስጊድ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ቅስቶች ስላሉ፣ የኮርዶባው አሠራር የአሚሩን የትውልድ አገር የሚያስታውስ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ግምቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ግንበኞቹ በእጃቸው የነበረውን ዕቃ ሳንመለከት ነገሩን በትዝታ ብቻ ልናስረዳው አንችልም።

ኮርዶባ ጥንት የሮማውያን ከተማ ነበረች፤ ከእነርሱም በኋላ ቪዚጎቶች ገዝተዋታል። በመሆኑም ከፈረሱ ሕንፃዎች የተረፉ የዕብነ በረድና የሌላ ድንጋይ ዓምዶች በአካባቢው በብዛት ይገኙ ነበር። አዲስ ዓምድ ጠርቦ ማውጣት ረጅም ጊዜና ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ግንበኞቹ እነዚህኑ ሰብስበው ተጠቀሙ። ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጡ ስለሆኑ በቀለምም፣ በውፍረትም፣ በቁመትም አይመሳሰሉም ነበር። የቁመቱን ልዩነት ከሥራቸው በሚደረግ መቆሚያና ከላያቸው በሚደፋ የዓምድ ራስ አስተካከሉት። ሁሉም ግን ለታሰበው አዳራሽ እጅግ አጭር ነበሩ።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ግንበኞቹ በየዓምዱ ራስ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ የግንብ ምሰሶ አቆሙ። ከዚያም ምሰሶው በሚጀምርበት ከፍታ ከዓምድ ወደ ዓምድ የሚሻገር አንድ ቅስት አደረጉ፤ ምሰሶው በሚያልቅበት ደግሞ ሁለተኛ ቅስት ሠሩ። ጣራውን የሚሸከመው የላይኛው ቅስት ነው። የታችኛው ምንም ጣራ አይሸከምም፤ ከላዩም ከሥሩም ባዶ ነው። ተግባሩ ዓምዶቹ ወደ ጎን እንዳያዘነብሉ እርስ በርስ አያይዞ መያዝ ብቻ ነው። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ግድግዳ ባለመኖሩ ብርሃንና አየር እንደ ልብ ይተላለፋል። ከዚህም በላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናስተውል። በተለመደው ሕንፃ ግንብ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል፤ እዚህ ግን ቀጭኑ ዓምድ ከታች፣ ወፍራሙ ግንብ ከላይ ነው። የላይኛው ግንብ ስፋት ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ በአናቱ ላይ የዝናቡን ውሃ የሚያወርድ አሸንዳ ተዘርግቶበታል።

ቅስቶቹ የተሠሩት ቀይ ጡብና ነጣ ያለ ድንጋይ እየተፈራረቁ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ይህ የቀይና የነጭ መልክ ለጌጥ ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ጡብንና ድንጋይን አፈራርቆ መገንባት ሮማውያን በዚያው አገር በሜሪዳ ከተማ ባሠሩት የውሃ መተላለፊያ ድልድይ ላይ አስቀድሞ ይታይ ነበር። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው፣ ከግማሽ ክብ አልፎ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው የታችኛው ቅስትም ሙስሊሞች ከመምጣታቸው በፊት በቪዚጎቶች አብያተ ክርስቲያናት ይሠራበት ነበር። እንግዲህ የሙሮች ስልት ተጠናቅቆ ከምሥራቅ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ዓምዱ ከሮማውያን፣ ቅስቱ ከቪዚጎቶች ተወስዶ፣ የአዳራሹ ሐሳብ ደግሞ ከደማስቆ መጥቶ በኮርዶባ አንድ ላይ ተዋሐደ።

ከአብዱረህማን በኋላ የነገሡት መስጊዱን ደጋግመው አስፋፉት። ከሁሉ ያማረው ከሊፋ አልሐከም ዳግማዊ ከ962 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠራው ክፍል ነው። የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያመለክተው ሚህራብ በወርቅማ የሞዛይክ ጌጥ እንዲሸፈን፣ ከቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ዘንድ አንድ የሞዛይክ ባለሙያ ተልኮለታል። የክርስቲያን ንጉሥ ለመስጊድ ጌጥ ባለሙያ መላኩ የዚያን ዘመን ግንኙነት የሚያሳይ ነው። በሚህራቡ ፊት ባለው ጉልላት ውስጥ ያሉት የድንጋይ አግዳሚዎች መሐል ላይ አይገናኙም፤ እየተጠላለፉ በመካከላቸው ባለስምንት ማዕዘን ቦታ ይተዋሉ። የመጨረሻውን ማስፋፊያ በ987 ዓ.ም. ግድም ያሠራው አልመንሱር ነው። በደቡብ ወንዙ፣ በምዕራብም ቤተ መንግሥቱ ስለ ከለከለው ወደ ምሥራቅ አሰፋው፤ በዚህም ምክንያት ሚህራቡ ከሕንፃው መካከል ወጣ። በዚህ ክፍል ያለው ቀይ መልክ የጡብ ሳይሆን በድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ትልቁ ማስፋፊያ ይህ ቢሆንም፣ በጥበብ በኩል ግን ከቀደመው ያነሰ ነው።

ስልቱ ከኮርዶባ ወደ ሴቪያና ወደ ማራካሽ፣ በመጨረሻም ወደ ግራናዳ ተሻገረ። በግራናዳ በአልሐምራ ቤተ መንግሥት ቅስቱ እንደ ኮርዶባው ሸክሙን አያሳይም፤ በጀሶ ቅርጽ ተሸፍኖ እንደ ጥልፍ ልብስ ይታያል።

የካስቲሊያ ንጉሥ ፈርዲናንድ ሣልሳዊ በ1236 ዓ.ም. ኮርዶባን ሲይዝ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ግን ሕንፃው እምብዛም አልተነካም። በ1523 ዓ.ም. የከተማዋ ጳጳስ በአዳራሹ መካከል ከፍተኛ ካቴድራል ለማሠራት ሲነሣ፣ የከተማው ምክር ቤት በጥብቅ ተቃወመ፤ በሥራው የሚሳተፍ ግንበኛ ሁሉ በሞት እንደሚቀጣ እስከ ማወጅ ደረሰ። ተቃዋሚዎቹም ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ ልብ እንበል። ክርክሩ ከንጉሥ ቻርልስ አምስተኛ ዘንድ ቀርቦ ለጳጳሱ ተፈረደ፤ በርካታ ዓምዶችም ተነሥተው ካቴድራሉ ተሠራ። ሥራው እስከ 1607 ዓ.ም. ቆየ። ንጉሡ ኋላ ቦታውን ባየ ጊዜ በፈቃዱ እንደ ተጸጸተ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ በአልሐምራ ግቢ ውስጥ ለራሱ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠርቶአል።

ዛሬ በሕንፃው ውስጥ ከስምንት መቶ አምሳ በላይ ዓምዶች ቆመው ይታያሉ። ወደ ውስጥ የሚገባ ጎብኚ ጨለምለም ባለው አዳራሽ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚመላለስ ይመስለዋል፤ ብዙዎችም የግንበኞቹ ሐሳብ ይኸው ጨለማ ነበር ብለው ጽፈዋል። ነገር ግን በመጀመሪያ ወደ ግቢው የሚያወጡት የሰሜን ቅስቶች ሁሉ ክፍት ነበሩ። ብርሃኑ ከግቢው ተነሥቶ በዓምዶቹ ረድፍ መካከል ወደ ውስጥ ይዘልቅ ነበር። ጨለማው የመጣው በኋላ ዘመን አብዛኞቹ ቅስቶች በግንብ በተዘጉ ጊዜ ነው።