ከድንኳኑ በፊት

(ድምፅ፦ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ፤ ራቅ ብሎ የባጃጅ ድምፅ። ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ተራኪ፦ ጅማ ላይ ሰው ሲሞት የሚሆነውን ከልጅ እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ይወጣል። አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ትልልቁ ብረት ድስት ይጣዳል። ሙስሊሙ ለጀናዛ ሶላት፣ ክርስቲያኑ ለፍትሐት ይሄዳል። ጎረቤት ደግሞ ሃይማኖት ሳይለይ ለቅሶ ይቀመጣል። አልተጠራሁም ብሎ የሚቀር የለም።

ሟቹ ከመሞቱ በፊት የነበሩት ወራትስ? ሕመሙ ሌሊት ሲቀሰቅሰው አጠገቡ ማን ነበር? ጀርባው እንዳይቆስል ያገላበጠው፣ ከንፈሩ ሲደርቅ ያረጠበለት ማን ነው? አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ድንኳኑ ሳይተከል ስለሚደርሱ ሰዎች ነው። በአማርኛ ስማቸው አንድ ቃል ነው፤ አስታማሚ።

(ሙዚቃ፤ ዝግ ይላል።)

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ የጊቤን በረሃ ወርደንና ወጥተን ጅማ እንገባለን። በዚህች ከተማ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የለበሱ መነኮሳት ይኖራሉ። ሕዝቡ «የማዘር ትሬዛ እህቶች» ይላቸዋል። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1950 በህንድ ካልካታ ተመሠረተ። በ1952 ማዘር ትሬዛ በዚያው ከተማ፣ ከካሊ ቤተ መቅደስ ጎን ባለ አዳራሽ፣ መንገድ ላይ ወድቀው ለሚሞቱ ሰዎች መጠጊያ ከፈቱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰው እንደ ሰው ይሙት የሚል።

እህቶቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ወሎ በረሃብ የተመታበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ቢለዋወጡም ሥራቸው አልተቋረጠም። ከድህነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት መሐላ በላይ አራተኛ መሐላ አላቸው፤ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆኑትን በሙሉ ልብና በነፃ ማገልገል። ስለዚህ በራቸው ላይ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ምን እንደሚከፍል ሳይሆን የት ላይ እንደሚያመው ነው።

ቡና አብቃይ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ለምን እንዳስፈለገ የለቀማ ወራትን ያየ ይገባዋል። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቀዩ እሸት ቡና ይለቀማል። ጎማ፣ ሊሙ፣ ማና፣ ጌራ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ከዳውሮና ከሌሎችም አካባቢዎች የቀን ሠራተኞች ይመጣሉ። አንዳንዱ ተመልሶ ይሄዳል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ያ ሰው አንድ ቀን የአልጋ ቁራኛ ሲሆን ዘመድ ሩቅ ነው፤ የተመዘገበበት እድርም የለም። የሚያስታምመው ከሌለ የሚቀብረውም ያጣል።

(ድምፅ፦ ውሃ በሳፋ ሲቀዳ፤ ዝግ ያሉ እርምጃዎች።)

ተራኪ፦ እንዲህ ባለ ቤት ጠዋቱ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። «አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ?» መልሱ አንዳንዴ ቃል ነው፣ አንዳንዴ የዐይን ጥቅሻ ብቻ። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይመጣል። ሁለት ሰዎች ከአልጋው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንዱ ትከሻና ዳሌውን ይዞ ሕመምተኛውን በጎኑ ያዞረዋል፤ ሌላው ጀርባውን አጥቦ ያደርቃል፣ ቅባት ያደርጋል፣ ያደረውን አንሶላ ጠቅልሎ አዲሱን ይዘረጋል። ከዚያ በጉልበቶቹ መካከል ትንሽ ትራስ ይገባል፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላው ጎኑ። ሌሊትም እንደዚሁ።

የጅማ ገበሬ ይህን ሥራ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የታጠበ ቡና የሚደርቅበትን መደብ «አልጋ» ይለዋል። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ቀኑን ሙሉ በእጅ ይገላበጣል። ካልተገላበጠ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ቀን ስንፍና ይበላሻል። ሰው ሲሆን ደግሞ ቁስሉ ከሥጋ አልፎ አጥንት ይደርሳል። አስታማሚ ስለዚህ ሰዓት አክባሪ ነው።

ከቁስል የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ሽታ። ጡቷ ላይ የፈነዳ የካንሰር ቁስል ያለባት እናት ከሕመሙ ይልቅ በቁስሉ ጠረን ትሳቀቃለች። ልጆቿን ታርቃለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሚያውቁ አስታማሚዎች የሜትሮኒዳዞል ክኒን ፈጭተው፣ ቁስሉን በንጹህ ውሃና ጨው ካጠቡ በኋላ ይነሰንሱበታል። በቀናት ውስጥ ሽታው ይቀንሳል። ክፍሉ ውስጥ ቡና ይቆላል፤ ጭሱ መጥፎውን ሽታ ይሸፍናል። ሴትዮዋ ግን የምታስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ ከአልጋዋ አጠገብ ቡና ተፈልቶ ሰው ቁጭ አለ። እንግዳ መቀበል ቻለች።

(ሙዚቃ፤ አጭር።)

ተራኪ፦ ፍቅር ብቻውን ግን ሕመም አያስታግስም። የካንሰር ሥቃይ ሲጠና የሚያበርደው መድኃኒት ሞርፊን ነው። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን በአብዛኛው በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ ተመልሶ እስኪጮህ አይጠበቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይቀድሙታል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ይህን ያህል የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ቤተሰብ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። ሱስ ያስይዘዋል፣ ሞቱን ያፋጥነዋል ይላል። በሐኪም ትእዛዝና በልኩ ሲሰጥ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፤ ሌሊት ሙሉ ሲያቃስት ያደረው ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲነቃ አጥሚት ይጠይቃል።

ኡጋንዳ ይህን በተግባር አሳይታለች። ዶክተር አን ሜሪማን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የተባለውን የማስታገሻ እንክብካቤ ድርጅት መሠረቱ። የሞርፊን ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ በቀላል ዋጋ በየቤቱ አደረሱ። በኋላም ሕጉ ተሻሽሎ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ተፈቀደ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ነርሶቹ ሕመምተኛው ወደ እነርሱ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ መድኃኒታቸውን ይዘው ቤቱ ይሄዳሉ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል።

መንገዱ ግን ገና ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል። የሚያገኙት 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ካንሰር በአብዛኛው የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የጅማ ሕመምተኛ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ነበር የሚታከመው። ዛሬ አገልግሎቱ ጅማም ደርሷል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ከሆስፒታል «እንግዲህ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ያ ሰው ቤቱ ሲደርስ ማን ይጠብቀዋል?

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፤ የመኪና ጥሩምባ።)

ተራኪ፦ ከጅማ ወደ ሰሜን ምዕራብ አጋሮ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰቃና ሸቤ፣ ወደ ምሥራቅ ሰርቦ። በእነዚህ የቡና ከተሞች የማስታመሚያው ቤት የሕመምተኛው የራሱ ቤት ነው። አስታማሚዋም ብዙ ጊዜ ሴት ልጁ ናት። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ወይም ጉልቷን ዘግታ የተቀመጠች። ሕመምተኛው ሳይነሣ አንሶላ እንዴት እንደሚለወጥ፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ያስተማራት የለም። የደከማት ቀን የሚተካትም የለም።

አቅም ግን በአካባቢው አለ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና ከእርሻ ኮሌጅ ውሕደት የተወለደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን ኅብረተሰቡ ውስጥ ልኮ በማስተማር የታወቀ ነው፤ የጤና ተማሪዎቹ ወደነዚሁ ከተሞች ወርደው ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እድር አለ።

እድር ይህን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሰው ሲጥል፣ ቀብር ሲበዛ፣ በርካታ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ለሞተ ብቻ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በሕይወት ላለው ሕመምተኛም እንዲወጣ ወሰኑ። አባላት ተራ ገብተው አስታመሙ፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደገፉ። ያ ጊዜ ሲያልፍ ልማዱ አብሮ እንዳያልፍ ያሰጋናል።

ስለዚህ ይህን ዝግጅት የምትሰሙ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ አባል በጠና ሲታመም ሁለት ሰው በሳምንት አንድ ሌሊት ያድርለት። አስታማሚዋ አንድ ሌሊት ትተኛ። ከድንኳን ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው።

(ድምፅ፦ ዝምታ፤ ራቅ ያለ አዛን፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል።)

ተራኪ፦ የመጨረሻዋ ሰዓት ስትቃረብ አስታማሚ ያውቃል። እግር ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ምግብ አይገፋፋም፤ ጥጥ በውሃ ነክሮ ከንፈር ያረጥባል። ሙስሊም ከሆነ ወደ ቂብላ ያዞረዋል፤ ሸሃዳ በጆሮው የሚልለት ሰው ይጠራል። ክርስቲያን ከሆነ ለንስሐ አባቱ ይላካል። ዘመድ የሌለው ከሆነ እጁን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። እጅ መያዝ ማንም ቢያደርገው የሚገባ ቋንቋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ይመጣሉ። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፤ ያ የእኛ ክብር ነው፣ ይቀጥል። አስታማሚው ግን በዚያ ሰዓት ጓሮ ነው። ፍራሹን አጥቦ ፀሐይ ላይ አስጥቷል። ሲደርቅ ይገለብጠዋል። ከመምሸቱ በፊት አንሶላ ይነጠፍበታል፤ የሚመጣ ሰው አለ።

(ሙዚቃ፤ መዝጊያ።)